አጎበር ቀዶ ጥገና ክፍል ሲገባ

በምሥራቅ ዩጋንዳ ቀዶ ሐኪሞች ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓይነት መረብ ይቀርብ ነበር። አንደኛው በሕክምና ዕቃ አምራች ተመርቶና ታሽጎ የመጣ፣ ዋጋው ከመቶ ዶላር በላይ የሆነ ነው። ሁለተኛው የወባ ትንኝ መከላከያ አጎበር የሚሰፋበት ጨርቅ ነው። ከሕንድ በጥቅል ተገዝቶ፣ ታጥቦ፣ በልክ ተቆርጦ፣ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት ከጀርም የጸዳ። ለአንድ ታካሚ የሚበቃው ቁራጭ የሚያስወጣው አንድ ዶላር ቢሆን ነው። ሁለቱም የሚገቡት ወደ አንድ ቦታ ነበር፤ ቡአ ወደ ወጣበት ሰው ብሽሽት፣ የሳሳውን የሆድ ግድግዳ ደግፈው እንዲይዙ።

302 ወንዶች በጥናቱ ተካፈሉ። ለማን የትኛው መረብ እንደሚደርስ በዕጣ ተለየ። ታካሚዎቹ የገባላቸውን አያውቁም፤ በኋላ የመረመሯቸው ሐኪሞችም አያውቁም። የስዊድንና የዩጋንዳ ሐኪሞች በጋራ ያካሄዱት ይህ ጥናት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመው እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአንድ ዓመት በኋላ ውዱ መረብ ከገባላቸው መካከል ቡአው የተመለሰበት ሰው አልተገኘም። አጎበር ከገባላቸው መካከል የተመለሰበት አንድ ሰው ብቻ ነው። እንደ እብጠት፣ ደም መቋጠርና ኢንፌክሽን ያሉ ችግሮች፣ አብዛኞቹ ቀላል የሆኑት፣ በአጎበሩ ወገን ከመቶ 30.8፣ በውዱ ወገን ከመቶ 29.7 ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል።

ይህን ጥናት ካነበብኩ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቡአን የሚጠግነው ዕውቀት አለ፤ ዕቃውም ረክሷል። የሆነ ሆኖ በገጠር ዛሬም ሰው አንጀቱ ታንቆ፣ በቃሬዛ ሌሊት ሙሉ ተጉዞ ሆስፒታል ይደርሳል።

የሆድ ግድግዳ በተነባበሩ ጡንቻዎችና ጡንቻዎቹን በሚያያይዙ ነጫጭ ጠንካራ ሽፋኖች የተሠራ ነው። ከውስጥ ያለማቋረጥ ይገፋል። ሰው ቆሞ ሲያስል በሆዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከ100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ሲዘል ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ግድግዳው በተፈጥሮ የሳሳባቸው ቦታዎች አሉ። ወንድ ልጅ ገና በማሕፀን ሳለ የዘር ፍሬው ከሆድ ወደ ከረጢቱ የወረደበት የብሽሽት መተላለፊያ አንዱ ነው። እትብት የገባበት እንብርት ሌላው ነው። በሦስተኛ ደረጃ ሐኪም ራሱ የፈጠረው አለ፤ ቀደም ሲል ለሌላ ሕመም ተከፍቶ የተሰፋ ቦታ። በእነዚህ በኩል የሆድ ውስጠኛ ስስ ሽፋን ወደ ውጭ ይወጣል፤ ስብና አንጀት ይከተሉታል። በብሪታንያ የተደረገ አንድ ጥናት እንዳሰላው፣ አንድ ወንድ በሕይወት ዘመኑ የብሽሽት ቡአ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው የመሆን ዕድሉ ከመቶ 27 ነው፤ የሴት ከመቶ 3። በዓለም በየዓመቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ የብሽሽት ቡአ ቀዶ ጥገና ይደረጋል።

ሰው ግን ይደብቀዋል። ቦታው ስለሚያሳፍር አባት ለልጁ አይናገርም፤ ሚስት እንኳ የምታውቀው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ቀን ሲያርስ ወይም ሲሸከም የወጣው እብጠት ማታ ጋደም ሲል ተመልሶ ስለሚገባ፣ ባለቤቱ ከበሽታው ጋር ስምምነት ያደረገ ይመስለዋል። በመቀነት ጠበቅ አድርጎ ያስረዋል፣ ሰፊ ሱሪ ይለብሳል፣ ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ቀን ታዲያ የወጣው እንደወጣ ይቀራል። አንጀቱ በጠባቡ ቀዳዳ ይታነቃል፣ ደም ይቋረጥበታል። እብጠቱ ይጠነክራል፣ ሲነኩት ያማል፤ ትውከት ይጀምራል፣ ሆድ ይነፋል፣ ዓይነ ምድርም ጋዝም ይቆማል። ከዚህ በኋላ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። የሞተ አንጀት ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ የተበከለ ሆድ ውስጥ ደግሞ መረብ ማስገባት ስለሚያሰጋ፣ ቀላሉና ጥሩው ጥገና በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ከእጅ ያመልጣል።

በ2006 የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ብዙም የማያስቸግር ቡአ ያላቸውን 720 ወንዶች ተከታትሎ፣ ሳይቀደዱ የቆዩት በዓመት ከሺህ ሁለት የማይሞሉት ብቻ ለድንገተኛ አደጋ እንደተጋለጡ አሳይቷል። ስለዚህ እየተከታተሉ መቆየት ጉዳት የለውም ተባለ። ይህ ምክር ስልክ ሲደወል አምቡላንስ ለሚመጣለት ሰው እውነት ነው። ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ርቆ ለሚኖር ገበሬ ግን ያው ምክር ሳይመረመር ሊሰጠው አይገባም፤ በእኔ እምነት ለእሱ መጠበቅ ራሱ ውሳኔ ነው፣ ያውም አደገኛ ውሳኔ።

የጥገናው ታሪክ ከጦር ሜዳ ይነሣል። በ1867 ኤዶአርዶ ባሲኒ የሚባል ወጣት ጣሊያናዊ ሐኪም ለጣሊያን አንድነት ከታገለው ከጋሪባልዲ ወዶ ዘማቾች ጋር ሮም አጠገብ ሲዋጋ ብሽሽቱን በሳንጃ ተወጋ። ቁስሉ አንጀቱ ድረስ ዘልቆ ለወራት አሰቃየው። ይኸው ሰው ኋላ ፓዱዋ ላይ የቀዶ ሕክምና መምህር ሆኖ የብሽሽትን ግድግዳ ድርብ በድርብ አጠና፤ በ1887 ያሳተመው ዘዴም የቡአን ቀዶ ጥገና ከግምት ሥራ አውጥቶ በሥርዓት የሚሠራ ጥገና አደረገው። ሐኪሞች ለመቶ ዓመት ገደማ የባሲኒን መንገድ፣ ወይም ከእርሱ የተወለዱትን፣ ተከተሉ።

ችግሩ መሳቡ ላይ ነበር። ተራርቀው የቆሙ ጡንቻና ጅማትን በክር አቀራርቦ መስፋት፣ ያረጀ ጋቢን ቀዳዳ ዳርና ዳሩን ስቦ እንደመስፋት ነው፤ ክሩ ባይበጠስ ጨርቁ ይተረተራል። የቪየናው ታላቅ ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ቢልሮት ይህ ቀድሞ ገብቶታል፤ እንደ ጅማት ጠንካራ የሆነ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ቢገኝ የቡአ ምስጢር ይፈታ ነበር ብሎ ተመኝቷል። ብዙ ተሞከረ። የብር ሽቦ ተሸመነ፤ በ1940ዎቹ ታንታለም የሚባለው ብረት መጣ፤ እየቆየ ሲሰባበር ተተወ። መልሱ የመጣው ከነዳጅ ዘይት ነው። በሂዩስተን፣ ቴክሳስ፣ ፍራንሲስ አሸር የተባለ ቀዶ ሐኪም በ1958 ከፖሊኢትሊን የተሸመነ መረብ ጥቅም ላይ ማዋሉን ዘገበ፤ ብዙም ሳይቆይ ሙቀትን የበለጠ ወደሚችለው ፖሊፕሮፒሊን ተሻገረ። ዛሬ በዓለም አብዛኛው የቡአ መረብ የሚሠራው ከዚሁ ፕላስቲክ ነው። በመቀጠል ኧርቪንግ ሊክተንስታይን ሎስ አንጀለስ ላይ፣ ምንም ነገር ሳይሳብ መረቡን ብቻ አንጥፎ የመስፋትን ዘዴ አስተማረ። በ1989 እሱና ባልደረቦቹ 1,000 ታካሚዎችን በዚህ መንገድ ጠግነው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ሲከታተሉ ቡአው የተመለሰበት አንድም እንዳላገኙ አሳተሙ።

ይህን ቀዶ ጥገና በአንድ የዞን ሆስፒታል ውስጥ ቆሜ አይቻለሁ። ታካሚው ስድሳን የተሻገሩ ገበሬ ናቸው፤ አልተኙም። ሰመመን ሰጪዋ ራስጌያቸው ቆማለች እንጂ እንቅልፍ አልሰጠቻቸውም፤ ሐኪሙ ራሱ ብሽሽታቸውን በሊዶኬይን ቀስ እያለ አደንዝዞታል። የአንድ ጣት ያህል ርዝመት ያለው ቆዳ ተከፈተ። ቢጫ ስብ፣ ከሥሩ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ ነጭ ሽፋን። እሱም በቃጫው አቅጣጫ ተሰነጠቀ። ሐኪሙ የዘር ቱቦውንና የደም ሥሮቹን የያዘውን ገመድ በስስ ፋሻ ቁራጭ አቅፎ አነሣው፤ አጠገቡ የተጋደመ ቀጭን ነጣ ያለ ነርቭ በመቆንጠጫው ጫፍ ጠቆመኝና እጁን አራቀ። ያ ነርቭ ከስፌቱ ጋር ከታሰረ ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ሊያማቸው ይችላል። የቡአው ከረጢት ከገመዱ ላይ በጥንቃቄ ተላጠ፤ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ወደ ሆድ ተመልሶ ገባ።

ከዚያ መረቡ መጣ። ወደ 15 ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ 7 ይሰፋል። ሐኪሙ ማዕዘኖቹን በመቀስ አዞረ፤ ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ሰንጥቆ ገመዱ የሚያልፍበት ሁለት ጅራት አወጣለት። ታችኛውን ዳር በሰማያዊ ክር ከብሽሽቱ ጅማት ጋር፣ ከአጥንቱ ዘንድ ሁለት ሴንቲሜትር አሳልፎ፣ እየሰፋ ሄደ። ሁለቱን ጅራቶች ከገመዱ ኋላ አቋርጦ አያያዛቸው። መረቡን አላጠበቀውም፤ ሰው ሲቆም ሆዱ ወደፊት ስለሚገፋ ትርፍ መተው አለበት።

«ልጄ፣ የምታስገቡት ሽቦ ነው?» አሉ ሽማግሌው ከመጋረጃው ማዶ።

«አይደለም አባባ፣ ክር ነው። የተሸመነ ፕላስቲክ። አይታይዎትም፣ አይወጋዎትም። አሁን እስኪ ጠንከር አድርገው ያስሉ።»

«ሁሉን ከፍታችሁት እያለ ላስል?»

«አዎ፣ አይፍሩ። ለዚሁ ብለን ነው ያላስተኛንዎት።»

አስሉ። መረቡ ከሥር በመጣው ግፊት ትንሽ ተነሣና ተመለሰ። በየትም በኩል የወጣ ነገር አልነበረም። ሐኪሙ ደግመው እንዲያስሉ ጠየቃቸው፤ ከዚያ ቆዳው ተሰፋ። ከማደንዘዣው እስከ መጨረሻው ፋሻ አንድ ሰዓት አልሞላም።

መረቡ ብቻውን አይደለም ሥራውን የሚሠራው። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲያገኝ ይቆጣል፤ ጠባሳ የሚሠሩ ሕዋሳት በመረቡ ቀዳዳዎች ውስጥ እየገቡ ኮላጅን ይዘረጋሉ፣ ከወራት በኋላ መረቡና ሥጋው አንድ ድርብ ይሆናሉ። የቀዳዳዎቹ ስፋት ስለዚህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በጣም ጠባብ ከሆኑ ጠባሳው ከክር ወደ ክር ተያይዞ እንደ ሰሌዳ ይደርቃል፤ ከ10 ማይክሮሜትር ያነሱ ከሆኑ ደግሞ ባክቴሪያ ይገባባቸውና እሱን የሚበላው የነጭ የደም ሕዋስ መግባት ያቅተዋል። ከአንድ ሚሊሜትር የሚበልጥ ቀዳዳ ያለው ቀላል መረብ የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። የአጎበር ጨርቅም እንዲሁ ነው። ትንኝ ከልክሎ አየር እንዲያሳልፍ የተሸመነው ቀዳዳ፣ ሳይታሰብለት፣ የሰው ሥጋ ለማብቀል የሚበቃ ስፋት አለው።

ከብሽሽት ቡአ የሚከብደው በቀደመ ቀዶ ጥገና ጠባሳ በኩል የሚወጣው ነው። በጨጓራ፣ በአንጀት ወይም በማሕፀን ችግር ሆዳቸው መሐል ለመሐል ወደ ታች የተከፈተ ብዙ ሰዎች፣ በተለይ እናቶች፣ ይገጥማቸዋል። ከሆላንድ የወጣ ጥናት በ2000 ያሳየው እንዲህ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ቡአ ለመጀመሪያ ጊዜ በክር ብቻ ከተሰፋላቸው መካከል በሦስት ዓመት ውስጥ ከመቶ 43ቱ፣ መረብ ከገባላቸው ከመቶ 24ቱ ተመለሰባቸው። በአሥር ዓመት ቁጥሩ 63 እና 32 ደረሰ። መረቡ ችግሩን በግማሽ ቀነሰው፤ አላጠፋውም።

እዚህ ላይ የሚወስነው መረቡ በየትኛው ድርብ እንደሚነጠፍ ነው። ከጡንቻው ሽፋን በላይ፣ ከቆዳው ስብ በታች ማንጠፍ ለሐኪሙ ይቀላል፤ ግን ሰፊ ቆዳ ስለሚላጥ ውኃ መቋጠርና ኢንፌክሽን ይበዛል። ዣን ሪቭና ሬኔ ስቶፓ የተባሉ ፈረንሳውያን ቀዶ ሐኪሞች መረቡን ከረጅሙ የሆድ ጡንቻ ኋላ አስገቡት። እዚያ ደም በሚገባ ይደርሳል፤ የሆድ ግፊት ራሱ መረቡን ወደ ጡንቻው ይለጥፈዋል፤ ከአንጀት ጋር አይነካካም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሊታለፍ አይገባም። ሽፋን የሌለው ፖሊፕሮፒሊን አንጀት ላይ ከተጋደመ ይጣበቃል፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ አንጀቱን ይበሳዋል። በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በጥቃቅን ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ በሚደረግ ቀዶ ጥገና፣ ከሆድ ውስጥ የሚለጠፉት መረቦች አንጀት በሚነካው ወገን ልዩ ሽፋን የሚቀቡትና የሚወደዱትም ለዚሁ ነው።

በጣም ሰፍቶ የቆየ ቡአ ሲሆን፣ አንጀቱ ውጭ መኖር ስለለመደ ሆድ ውስጥ ቦታ ያጣል። በግድ ቢመለስ ሳንባን ተጭኖ ትንፋሽ ያሳጣል። አርጀንቲናዊው ኢቫን ጎኒ ሞሬኖ በ1940ዎቹ መላ አመጣ፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ለቀናት በመርፌ ሆድ ውስጥ አየር እየነፋ ግድግዳውን ቀስ በቀስ ማላላት። ዛሬ የጎን ጡንቻዎችን ከሳምንታት በፊት በቦቶክስ ማላላት አብሮት ይሠራል። ለፊት መሸብሸብ የሚያገለግለው ያው መድኃኒት ነው።

መከላከሉ ግን ከሁሉም ይረክሳል። በ2015 የታተመ ሌላ የሆላንድ ጥናት ሆድን ሲዘጉ በየአምስት ሚሊሜትሩ በጥቃቅን ስፌት መስፋት፣ በሰፋፊው ከመስፋት ይልቅ፣ ከዓመት በኋላ የሚታየውን ቡአ ከመቶ 21 ወደ 13 እንደቀነሰ አሳየ። ለዚህ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። የደከመ ሐኪም በሌሊቱ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ እንዲጨምር ይጠይቃል እንጂ።

መረብ ጉዳት የለውም የሚል ካለ አትመኑት። ከብሽሽት ቡአ ቀዶ ጥገና በኋላ ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ለወራት የሚዘልቅ ሕመም ይሰማዋል፤ ምክንያቱ ሁልጊዜ መረቡ ባይሆንም አንዳንዴ ነው። ቶሮንቶ አጠገብ ያለው ሾልዳይስ ሆስፒታል ከ1945 ጀምሮ አብዛኛውን ታካሚ ያለ መረብ፣ በአራት ድርብ ስፌት፣ ይጠግናል፤ ውጤቱም መልካም ነው። የማያቋርጥ ልምድ ባላቸው እጆች ስለሚሠራ ነው። አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ «መረብ ገብቶልዎታል?» የሚሉ የጠበቃ ማስታወቂያዎችን በቴሌቪዥን ሳያዩ አይቀሩም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 ከገበያ ያስወጣው በሴት ብልት በኩል ለማሕፀንና ለፊኛ መውረድ የሚገባውን መረብ ነው። አንዳንድ የቡአ መረቦችም ክስ ቀርቦባቸዋል፤ ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ቤተሰብን ከቀዶ ጥገና ማስቀረት ሌላ ጉዳት ነው። ዘመድዎ ሊቀደድ ከሆነ ሐኪሙን ምን ዓይነት መረብ እንደሆነ፣ በየትኛው ድርብ እንደሚገባና በዓመት ስንት ሰው እንደሚጠግን ይጠይቁት። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ወደ አጎበሩ ልመለስ። ሐሳቡ ከዩጋንዳ አልጀመረም። በሕንድ፣ ማሃራሽትራ ግዛት፣ የገጠር ቀዶ ሐኪሙ ራቪ ቶንጋዎንካርና ባልደረቦቹ በአጎበር ጨርቅ የጠገኗቸውን ታካሚዎች ውጤት በ2003 አሳትመዋል። ቡርኪና ፋሶ በ2006 ከናይለን በተሠራ አጎበር ጥቂት ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት አወጣች፤ ጋናም ተከተለች። አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። ይህ ጨርቅ ጤና ጣቢያ ያደለን፣ አልጋችን ላይ የተሰቀለው አጎበር አይደለም። ያኛው በፀረ ተባይ የተነከረ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሊገባ አይችልም። ለሕክምና የሚውለው ግን ፀረ ተባይ ያልነካው ፖሊኢትሊን ነው፤ ሙቀቱም በልክ መሆን አለበት፣ ከ121 ዲግሪ እጅግ ካለፈ ይኮማተራል።

ለድሃ ሁለተኛ ደረጃ ዕቃ መስጠት ነው ብለው የሚቃወሙ አሉ። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ከቁጥጥር ውጭ የተገዛ ጨርቅ ዛሬ አንድ ዓይነት፣ ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጥቅሉን የሚመረምር፣ አጥቦ የሚያሽግና የሚመዘግብ አካል ያስፈልጋል። ነገር ግን በዕጣ ተለይቶ፣ ሳይታይ ተመዝኖ እኩል የወጣን ዕቃ ሁለተኛ ደረጃ ማለት ከባድ ነው። ለገበሬው ከውዱ መረብ ጋር የሚወዳደረው ብዙ ጊዜ አጎበሩ አይደለም፤ በክር ብቻ ተስቦ የተሰፋ ብሽሽት ወይም ጭራሽ ያልተሠራ ቀዶ ጥገና ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ማን ይሥራው የሚለው ነው። በሴራሊዮን ተደርጎ በ2021 የወጣ ጥናት፣ 229 ወንዶችን በዕጣ ከፍሎ ግማሾቹን ሐኪሞች፣ ግማሾቹን በቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ ከሐኪም በታች ያሉ ባለሙያዎች በመረብ እንዲጠግኗቸው አደረገ። ከዓመት በኋላ በባለሙያዎቹ እጅ ከተጠገኑት ቡአው የተመለሰባቸው ከመቶ 0.9፣ በሐኪሞቹ እጅ ከተጠገኑት ከመቶ 6.9 ሆነ። ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች አሏት። ጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን የጀመረችው በ2009 ነው፤ ዛሬ በወረዳ ሆስፒታሎች እናቶችን በቀዶ ጥገና የሚያዋልዱት፣ የታነቀ ቡአንም በሌሊት የሚከፍቱት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። አንጀት ቆርጦ መቀጠልን ያህል ከባድ ሥራ የተሰጠው ባለሙያ፣ ያንኑ ሰው ከዓመት በፊት በቀጠሮ፣ በቀን ብርሃን፣ በሊዶኬይንና በመረብ እንዲጠግን መሠልጠን አለበት ብዬ አምናለሁ። ለዚህ የሚፈለገው ሊዶኬይን፣ የሙቀት መለኪያው በትክክል የሚሠራ የእንፋሎት ማጽጃ፣ ሰማያዊው ክር፣ የተመረመረ መረብ፣ የመጀመሪያዎቹን ታካሚዎች አብሮ ቆሞ የሚያሠራ አንድ ቀዶ ሐኪም፣ ከዓመት በኋላም ታካሚውን ጠርቶ «አባባ፣ እስኪ ያስሉ» የሚል የክትትል መዝገብ ነው።